ፊደል ቆጥራ ነበር

ያለፈውን ክረምት የእህቴ ልጅ ከሐይቅ ከተማ መጥታ እኛ ዘንድ ደሴ ከረመች። አምስተኛ ክፍልን ጨርሳለች። አንድ ማታ የአማርኛ መማሪያ መጽሐፏን አውጥታ እንድታነብልኝ ጠየቅኳት። ጮክ ብላ አነበበች። አንድም ፊደል አልሳተችም። አራት ነጥብ ስታይ ታርፋለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች። አንቀጹ ስለ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። እሷ ግን "ሰፊ" የሚለውን ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጥብቃ፣ እንደ ሰፊ ሜዳ አነበበችው። ስትጨርስ "እሺ፣ ሰውየው ምን ሆነ?" አልኳት። መጽሐፉን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

"የቱ ሰውዬ ጋሼ?" አለች።

ያቺ መልስ ለሳምንት ያህል ከጭንቅላቴ አልወጣችም።

ልጅቱ ጎበዝ ናት። ትምህርቷ ግን ተቆራርጧል። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ገና አፀደ ሕፃናት ነበረች። ሁለተኛ ክፍል በገባች በሳምንታት ውስጥ፣ ጥቅምት 2014 ላይ፣ ጦርነቱ ሐይቅና ደሴ ደረሰ። ቤተሰቡ ተሰደደ። ሲመለሱ ትምህርት ቤቱ ወንበርም መጽሐፍም አልነበረውም። በእሷ ዕድሜ ያሉ ብዙ የወሎ ልጆች ታሪካቸው ይኸው ነው።

ቢሆንም ሁሉን ነገር በጦርነቱ ማሳበብ አልችልም። ከዚያ በፊትም ነበር። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶው ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የእህቴ ልጅ ከእነሱ በብዙ ትሻላለች። ፊደሉ ከአፏ ይወጣል። ለእሷ ንባብ ማለት መምህሩ ስም ሲጠራ ብድግ ብሎ ድምፅ ማሰማት ነው። ከድምፁ ጀርባ ሰው እንዳለ፣ ያ ሰው የሆነ ነገር እንደሚደርስበት፣ ማንም አላሳያትም።

እንዲህ ያለ ነገር በቤታችን ሲያጋጥም የመጀመሪያው አይደለም።

እናቴ ያደገችው ኩታበር አካባቢ፣ ገጠር ነው። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ልጃገረድ ነበረች። ዘመቻው ቀላል ነገር አልነበረም። በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፣ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። እናቴ ማታ ማታ በኩራዝ ተምራ፣ ተፈትና አለፈች። የምስክር ወረቀቷ አሁንም ሣጥኗ ውስጥ፣ ከጋብቻ ልብሷ ሥር አለ። ከዚያ በኋላ ግን የሚነበብ ነገር አልመጣም። ቤቱ ውስጥ መጽሐፍ የለ፣ ጋዜጣ የለ። ዘመቻውን የመሩት ሰዎች ይህን ሳያስቡት ቀርተው አይደለም፤ በየቦታው የንባብ ክፍሎች ተከፍተው ነበር። እናቴ መንደር አልደረሰም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፊደሉ አንድ በአንድ ጠፋባት። እኔ ስደርስ የቀረላት ፊርማዋ ብቻ ነበር። ከዘመድ የሚመጣ ደብዳቤ የማነብላት እኔ ነበርኩ።

ልጅ ሆኜ ይህን እንደ እናቴ ስንፍና አየው ነበር። ይቅር ትበለኝ። ሰው የማይጣፍጠውን፣ ምንም የማይሰጠውን ነገር ለዓመታት ይዞ መቆየት አይችልም። ፊደል ተሰጣት፣ ታሪክ ግን አልተሰጣትም።

እኔ ራሴ የመጀመሪያ ፊደሌን ያየሁት ሉሕ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ነው። ሰፈራችን ቁርአን ቤት ነበር። ከጥላሸት በተሠራ ቀለም እንጽፋለን፣ ስንጨርስ እናጥበዋለን። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ቄስ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ከሀሁ ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት። ማታ ስንገናኝ እኔ በዓረብኛ፣ እሱ በግዕዝ፣ ያነበብነውን አንዳችን ለአንዳችን እናሰማለን። ሁለታችንም ቤት ውስጥ የምንናገረው አማርኛ ነው። ያ ትምህርት የራሱ ክብርና ዓላማ አለው። ጆሮ ይሞርዳል፣ ትዕግሥት ያስተምራል። ዛሬም ለልጆቼ እመርጠዋለሁ። ነገር ግን ሁለታችንም ጽሑፍ ሲያወራን የሰማነው ሌላ ቦታ ነው።

ሰኞ ገበያ ጎን አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረች። ባለቤቷ አንድ ሽማግሌ ናቸው። መጽሐፍ ያከራያሉ። ሽፋኑ እንዳይጎዳ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ተለብዷል፣ ርዕሱን ራሳቸው በእስክሪፕቶ ጽፈውበታል። ማስያዣ ይቀበላሉ፣ ለአንድ ቀን 50 ሳንቲም ያስከፍላሉ። ማስያዣ ለሌለን ልጆች የአባታችን ስም ይበቃ ነበር። እኔና የጎረቤቴ ልጅ 25፣ 25 ሳንቲም እናዋጣለን። እሱ እስከ መግሪብ ያነባል፣ ሌሊቱ የእኔ ነው። ነገ ካልመለስነው ሌላ 50 ሳንቲም ነው። ስለዚህ እንሮጣለን። ፈጣን ንባብ የሚባለውን ነገር ማንም አላስተማረንም፤ ሳንቲሙ አስተማረን።

በዚያ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት የስለላ መጻሕፍት ነበሩ። የዋጉ ተወላጅ ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸውና የጻፏቸው በሱቁ ውስጥ አንድ ሙሉ መደርደሪያ ይዘው ነበር። ብዙ እጅ ስለነካቸው የመጨረሻ ገጾቻቸው ተቀድደው ያለቁ ነበሩ። መጨረሻው የሌለ መጽሐፍ ሲደርሰን ጦሳ ተራራ ሥር ቁጭ ብለን ሰላዩ ተያዘ አልተያዘም እያልን እንከራከራለን። አሁን ሳስበው የመጀመሪያ ድርሰቶቻችን እነዚያ ነበሩ። መምህር ሳያዘን፣ ውጤት ሳይሰጠን።

ሽማግሌው መጽሐፉን ስንመልስ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ ነበር። "ጣመህ?" ይላሉ። "ምን ተማርክ?" ብለውኝ አያውቁም። ካልጣመኝ ሌላ ያወርዱልኛል። ከጣመኝ እሱን የሚመስል ይፈልጉልኛል።

ወደ "ሰፊ" ልመለስ። ጽሑፋችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። "አለ" ብሎ የተጻፈው ተናገረ ይሁን፣ ይኖራል ይሁን ፊደሉ አይነግርህም። "ገና" በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው? 231ዱን ፊደል በቃሉ የያዘ ልጅም ከፊደሉ ብቻ ይህን ማወቅ አይችልም። የሚያውቀው ከታሪኩ ነው። ታሪኩን የሚከተል ልጅ ዓይኑ ቃሉ ላይ ሳይደርስ ልቡ ቀድሞ እዚያ ይጠብቀዋል። እያንዳንዱን ፊደል እየለቀመ የሚሄድ ልጅ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። ጉልበቱ በለቀማው አልቋል፤ ለትርጉም የሚተርፍ የለውም። ለቀማው የሚቀልለው ብዙ ሲነበብ ነው። ብዙ የሚነበበው ደግሞ ሲጥም ነው። ለዚህ ነው "መጀመሪያ ማንበብ ይልመድ፣ መውደዱ ኋላ ይመጣል" የሚለውን ምክር የማልቀበለው። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። መውደዱ ይቅደም።

ፒያሳ ከመንገድ ዳር ሻጭ አምስት ቀጫጭን መጻሕፍት ገዛሁ። ተረት፣ ጀብዱ፣ አንድ ስለ እንስሳት፣ ሁለት የልጆች ልብ ወለድ። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው። "የፈለግሽውን ያዢ፣ ያልጣመሽን ተይው፣ ማንም አይጠይቅሽም" አልኳት። አላመነችኝም። ሁለቱን ገልጣ ተወቻቸው። በሁለተኛው ላይ "እውነት ልተወው?" ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ተይው አልኳት። ሦስተኛውን እኔው ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ከቤቷ ጠፍታ ስለምትንከራተት ልጅ ነው። ልጅቱ ወንዝ ዳር ጨለማ ሲይዛት ዘጋሁት። "ለዛሬ ይበቃናል" አልኩ።

ይህን ዘዴ የተማርኩት ከሬዲዮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በ"ከመጻሕፍት ዓለም" ሲተርክ ማንበብ የማይችለውም ሰው ሬዲዮ ባለው ቤት ደጅ ይሰበሰብ እንደነበር ታላላቆቻችን ያወራሉ። ከቆመበት ሲቀጥል ለመስማት ቀኑ አልደርስ ይላቸው ነበር። ጮክ ብሎ ማንበብ ከንባብ ያነሰ ነገር የሚመስላቸው አሉ። እኔ ከማውቃቸው በሮች ሁሉ ሰፊው እሱ ነው።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ መጽሐፉን ይዛ መስኮቱ ሥር አገኘኋት። ወንዙን ተሻግራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ልማድ ሆነ። ኤሌክትሪክ ካለ በመብራቱ፣ ከሌለ በሻማ። እናቴ ቡናዋን ታፈላለች፣ ተስቢሗን ይዛ አጠገባችን ትቀመጣለች። መጀመሪያ ላይ የምታዳምጥ አትመስልም ነበር። አንድ ማታ ልጅቱ "ገና" የሚለውን አጥብቃ አነበበች። እናቴ ቀና ብላ "ኧረ አንቺ ልጅ፣ በክረምት የምን ገና ነው? ገና አልደረሰችም ማለቱ ነው እንጂ" አለቻት። የእህቴ ልጅ ወደ ኋላ ተመልሳ አስተካከለችው። ሳቀች። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ቃል ሲያጋጥማት አያቷን ቀና ብላ ታያለች። እናቴ ረጃጅም መንዙማ በቃሏ ታውቃለች። ቋንቋው እሷ ዘንድ ሞልቷል። ፊደሉ ልጅቷ ዘንድ ነው። መካከላቸው የነበረው ክፍተት በአንዲት ቀጭን መጽሐፍ ሲሞላ በዓይኔ አየሁ።

ቃላቱም መጡ። እ.ኤ.አ. በ1988 ዶናልድ ሄይስና ማርጋሬት አረንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ቆጥረው ነበር። የልጆች መጽሐፍ ውስጥ የሚገኙት ብዙ ጊዜ የማይሰሙ ቃላት፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ አዋቂዎች እርስ በርስ ሲያወሩ ከሚጠቀሙባቸው ይበልጣሉ። አማርኛን የቆጠረ ባላይም ቤታችን ውስጥ እሰማዋለሁ። እኛ ስናወራ "ያን ነገር አምጪው"፣ "እዚያ አስቀምጪው" ነው። መጽሐፉ ውስጥ ግን አፋፍ አለ፣ ውጋገን አለ፣ ማሽቆልቆል አለ። የእህቴ ልጅ "ውጋገን" የሚለውን ስታገኘው ዝም ብላ አለፈችው። ሌላ ምዕራፍ ላይ ደገማት። ሦስተኛም መጣ። አንድ ጠዋት ለሱብሒ ስነሳ ነቅታ መስኮቱ ጋ ቆማለች። "ጋሼ፣ ውጋገኑ መጣ" አለችኝ። ትርጉሙን ማንም አልነገራትም። ደብተር ላይ አልጻፈችውም።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፊጂ ውስጥ የተደረገ ጥናት አለ። ዋርዊክ ኤሊና ፍራንሲስ ማንጉብሃይ ናቸው የሠሩት። ፊጂ በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለች የደሴቶች አገር ናት። የገጠር ልጆቿ እንደ እኛ ናቸው፤ ቤት ሌላ ቋንቋ ይናገራሉ፣ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይጠብቃቸዋል። መጽሐፍ ለማያውቁ ስምንት የገጠር ትምህርት ቤቶች፣ ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍል፣ ለእያንዳንዱ ክፍል 250 ያህል ማራኪ የታሪክ መጻሕፍት ተሰጡ። ግማሾቹ ከመምህራቸው ጋር አብረው እያነበቡ ይወያያሉ። የቀሩት በየቀኑ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ዝም ብለው የመረጡትን ያነባሉ። ሌሎች ትምህርት ቤቶች በተለመደው የሰዋስው ልምምድ ቀጠሉ። ታሪክ ያነበቡት ልጆች በንባብም በማዳመጥም ከተለመደው በእጥፍ ፍጥነት አደጉ። በሁለተኛው ዓመት ለውጡ ወደ ሌላውም የቋንቋ ችሎታቸው ተዛመተ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የሰኞ ገበያዋ ሱቅ ትታየኛለች።

እኛም አገር "እንግሊዝኛህ እንዲሻሻል ፊክሽን አንብብ" የሚባል ምክር አለ። ምክሩ ትክክል ነው። አሰጣጡ ነው የሚበላሸው። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆነ። እኔም እንደ ሰዉ ወፍራም ፊክሽን ተዋስኩና መዝገበ ቃላት ይዤ ተቀመጥኩ። በአንድ ገጽ ሠላሳ ቃል ፈልጌ ገጹ ስለ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ተኛሁ። አራት ገጽ ላይ ተውኩት። ወራት ቆይቶ አንድ መምህር ለጀማሪ ተብሎ ቋንቋው የቀለለ ቀጭን መጽሐፍ ሰጡኝ። "ይሄ ለትንንሽ ልጆች ነው" ብዬ ቅር አለኝ። በአንድ ሌሊት ጨረስኩት። በእንግሊዝኛ የጨረስኩት የመጀመሪያ መጽሐፍ ነው። የቋንቋ አጥኚው ፖል ኔሽንና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ጥናት ነገሩን በቁጥር ያስቀምጠዋል። ያለ እርዳታ ተመችቶን ለማንበብ ከ100 ቃላት 98ቱን ያህል ማወቅ አለብን። ከ100 የማናውቀው ሁለት ብቻ ሲሆን ሁለቱን ታሪኩ ራሱ ያስተምረናል። እኔ ገጽ ላይ እንደነበሩት ሲበዙ ግን ታሪክ የለም። ስለዚህ ቀላሉን መምረጥ ነውር አይደለም። ልጅ የወረደ ክፍል መጽሐፍ ሲያነብ "ይሄማ ያንተ አይደለም" ብሎ መንጠቅ ግን ያሳዝነኛል።

የሚነበበውም የግድ መጽሐፍ አይሁን። ከከሚሴ የመጣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የተማረው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው። አማርኛ መናገር የለመደው ገበያ ላይ ነው፣ ፊደሉን ግን ይፈራው ነበር። ያስደፈረው የስፖርት ጋዜጣ ነው። የአርሰናል ደጋፊ ነው። ቅዳሜ ጨዋታ ካለ ጋዜጣውን ሳያነብ አያድርም። የተጫዋቾቹን ስም አስቀድሞ ያውቃቸዋል፣ ውጤቱንም ያውቀዋል። በሚያውቀው ነገር መሐል የማያውቀውን ፊደል ለየ። ዛሬ የመሥሪያ ቤታችንን ደብዳቤ የሚያረቅቀው እሱ ነው።

የሚያንገበግበኝ መጽሐፉ አለመኖሩ ነው። በአማርኛ ለትንንሽ ልጆች የሚጻፍ አለ፤ ለአሥርና ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሚሆን ግን ደሴን ዞሬ ያገኘሁት በጣት የሚቆጠር ነው። ዋጋውም ከብዷል። አምስቱን መጻሕፍት የገዛሁበት ብር ለብዙ ቤተሰብ የሳምንት አስቤዛ ነው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠርተው ነበር። አህያዋ ሰፈር ስትደርስ ልጆቹ ከየቤቱ ይወጣሉ፣ መጽሐፍ ይመርጣሉ፣ ተቀምጠው ያነባሉ። ከሐይቅ እስከ ባቲ፣ ከውጫሌ እስከ ኮምቦልቻ አህያ የሌለበት መንደር የለም። ሣጥን ሙሉ ተረትና ጀብዱ ለመጫን ምን ያህል ይፈጃል እያልኩ አስባለሁ። የሰኞ ገበያዋ ሱቅ ዛሬ የስልክ ሽፋን ትሸጣለች። እኔና የጎረቤቴ ልጅ፣ እሱ አሁን አዲስ አበባ ነው ያለው፣ በቤታችን ያሉትን መጻሕፍት ሰብስበን ለሰፈር ልጆች ማዋስ ልንጀምር ተነጋግረናል። ማስያዣው የአባት ስም ይሆናል።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል የእህቴ ልጅ አራተኛ መጽሐፏ ላይ ነበረች። እናቴ አሁን ከጎኗ ትቀመጣለች እንጂ ፊት ለፊት አይደለም። ልጅቱ በጣቷ መስመሩን ስትከተል እናቴ ጣቷን ታያለች። አንድ ማታ "ይቺ ቀ አይደለችም እንዴ?" አለች። "አዎ እማማ፣ ቀ ናት" አለቻት። እናቴ ዝም አለች። ቡናዋን ጠጣች። እኔም ምንም አላልኩም።

ልጅቱ ወደ ሐይቅ ልትመለስ ሦስት ቀን ሲቀራት ጠዋት መጽሐፉ ጠፋ። ጠረጴዛው ላይ የለም፣ መስኮቱ ሥር የለም። ቤቱን ስናገላብጥ እናቴ ጎረቤት ለቅሶ ሄዳ ነበር። ያገኘሁት ከትራሷ ሥር ነው። ምስር ስትለቅም የምታደርገው መነጽሯ መሐሉ ገብቷል። ገለጥኩት። ማታ ካቆምንበት ሦስት ገጽ አልፎ ነበር።